ያልተቆረጠው ምርቃት

(በሠርግ ዋዜማ፣ ደብረ ማርቆስ አጠገብ፣ ድንኳን በሚተከልበት ግቢ፤ የሙሽራዋ የማስተዋል አባት ልየው የመጽሔት አርታኢ ነው፤ አያ ይርዳው ነገ የሚመርቁት አጎቱ ናቸው።)

አያ ይርዳው፦ ና ልየው፣ እዚች አግዳሚ ላይ ቁጭ በልና እስከ መጨረሻው ስማኝ። ድንኳኑ ያላንተም ይተከላል።

ልየው፦ ሰማሁ እኮ አያ! ምርቃትዎ ደግ ነው፤ ግን ይደጋገማል። «ማስተዋልንና ዓለምነውን ያፋቅር፤ ማስተዋልንና ዓለምነውን ያክብር፤ ማስተዋልንና ዓለምነውን...» ኧረ ሰው ይሰለቻል! በሥነ ጽሑፍ ድግግሞሽ በሽታ ነው።

አያ ይርዳው፦ ወይ ጉድ! ያን ሁሉ ሙሽራ ስመርቅ በሽታ ሳስተላልፍ ኖሬያለሁ በለኛ።

ልየው፦ አይቀልዱ። አንዴ የተባለ ተባለ ነው። ድግግሞሽ በሽታ ነው! ጸሐፊ ሁሉ የሚፈራኝ ለዚህ ነው፤ ካየሁ እቆርጣለሁ።

አያ ይርዳው፦ በሽታ መሆኑን አሁን ስትደግመው ገባኝ።

ልየው፦ እርስዎ ደግሞ!

አያ ይርዳው፦ እሺ እንቁረጥ። ምን ልበል?

ልየው፦ «ፈጣሪ ማስተዋልን ይባርክ።» አለቀ።

አያ ይርዳው፦ ለብቻዋ? ልጅቱ የምታገባው ማንን ነው፣ ድንኳኑን?

ልየው፦ እሱ ባይጠራም ይታወቃል። ጥሩ ጽሑፍ ለአንባቢው ይተዋል።

አያ ይርዳው፦ «ማስተዋል» እያልሁ ስደጋግምስ ጆሮህን አልቆረቆረህም?

ልየው፦ የልጄ ስም ምን ይቆረቁረኛል?

አያ ይርዳው፦ እኮ! የቆረቆረህ ድግግሞሹ አይደለማ።

ልየው፦ እስቲ እርስዎ ይፍረዱ። መጽሐፍ መሃል ያሳደግኋትን ልጅ ለከባድ መኪና ሾፌር! ከማርቆስ አዲስ አበባ፣ ከአዲስ አበባ ማርቆስ፤ ዕድሜ ልኩን አንድ መንገድ ሲመላለስ የሚኖር ሰው!

አያ ይርዳው፦ ምስኪን፣ እሱንም በሽታው ይዞታላ።

ልየው፦ ይሳቁ፣ ይሳቁብኝ!

አያ ይርዳው፦ የላካቸውን ሽማግሎች ስንቴ መለስሃቸው? እነሱ ግን ያችኑ ቃል ይዘው መጡ። አንዴ ብለው ቢቀሩ ኖሮ ልጅህን ትሰጥ ነበር?

ልየው፦ የሰጠሁት ለእነሱ ብዬ አይደለም። እሷ ብታለቅስብኝ ነው።

አያ ይርዳው፦ አንዴ አልቅሳ?

ልየው፦ ...ደጋግማ።

አያ ይርዳው፦ ስማ ልጄ። የመጀመሪያውን አሜን ሰው በእጁ ጉርሻ፣ በአፉ ወሬ ይዞ ነው የሚለው። ሁለተኛውን የጎረቤቱን ሰምቶ ይላል። ያኮረፈ ሰው አፍ ግን ቶሎ አይላቀቅም። እስኪላቀቅ ነው የምደግምለት። ነገ ማስተዋል እኔን አይደለም የምታየው፤ ያንተን አፍ ነው።

ልየው፦ አሜን ባልልስ?

አያ ይርዳው፦ ወጡ ይቀዘቅዛል እንጂ እደግማለሁ። በል አሁን እንሞክረው። ፈጣሪ ማስተዋልንና ዓለምነውን ያፋቅር።

ልየው፦ ያ ምሰሶ የዘመመ መሰለኝ፣ ላቃናው።

አያ ይርዳው፦ ይዝመም፣ ተቀመጥ! ማስተዋልንና ዓለምነውን ከክፉ መንገድ ይሰውር።

ልየው፦ መንገድስ... እሱ ዓባይ በረሃን እስኪሻገር እኮ እንቅልፍ የላትም። ስልኳን እንደ ጨበጠች ነው የምትቆየው።

አያ ይርዳው፦ አየህ? ማስተዋልንና ዓለምነውን፣ መንገደኛውን በደህና ይመልስ፣ ደጅ ደጁን የምታየውን ደስ ያሰኝ።

ልየው፦ አሜን። ይመልስላት። አሜን!

አያ ይርዳው፦ ሁለቴ አልህ፤ እኔ አልቆርጥብህም። ብቻ አደራ፣ ይቺን አሜን ነገ እንዳትረሳት፤ ልጅቱ እንድትሰማህ ጮክ ብለህ በላት።