ለእትዬ ገዲሴ ጃንጥላ

እንደምን ዋላችሁ። ተቀመጡ፣ ተቀመጡ። ጭብጨባውን ለመጨረሻው አቆዩልኝ፤ ያን ጊዜ የማጨብጨብ ፍላጎቱ ካላችሁ።

የዛሬው ሽኝት ፕሮግራም መሪያችን ብርነሽ ቅድም ወደ ጥግ ወስዳ ሁለት ነገር አስጠንቅቃኛለች። አንደኛ፣ «መኩሪያ፣ ኃላፊዎች ስላሉ እትዬ ገዲሴን እርስዎ በላቸው» አለችኝ። ሁለተኛ፣ «አደራህን፣ አትቆጣ» አለችኝ። አስራ ዘጠኝ ዓመት አንቺ ያልኳትን ሴት ዛሬ በምን አፌ እርስዎ እላታለሁ? ሁለተኛውን እሞክራለሁ። ቃል ግን አልገባም።

እትዬ ገዲሴ የመጣችበትን ቀን ልንገራችሁ። ሐምሌ 1971 ነው። እኔ ከተቀጠርኩ ገና ዓመቴ። ከንጋት ጀምሮ ዝናቡ ይወርዳል፤ እኛ ፊርማ ለመፈረም በር ላይ ተሰልፈን በስብሰናል። ከታች ከመንገዱ አንድ የታሸገ ነገር እየተራመደ መጣ። እግሩ ላስቲክ፣ ትከሻው ላስቲክ፣ ራሱ ላይ ላስቲክ። ጋሽ ለሜሳ ያኔ በር ጠባቂያችን ናቸው፤ ይኸው እዚያ ተቀምጠዋል። «ቁም! ምንድን ነህ?» አሉ። ከላስቲኩ ውስጥ፣ «ሰው ነኝ። የቱታ ሰፊ ሆኜ ዛሬ ጀምሪ ተብያለሁ» የሚል የሴት ድምፅ መጣ። ጣሪያው ሥር ገብታ አንድ በአንድ እየፈታች፣ እያራገፈች፣ እያጠፈች ወጣች። ቀሚሷ ላይ አንዲት የውሃ ጠብታ የለም። ከዚያ እኛን ከላይ እስከ ታች አየችንና ገና ሰላም ሳትለን፣ «እናንተ ላስቲክ ፋብሪካ እየሠራችሁ ነው እንዲህ የምትበሰብሱት?» አለች።

ያንን ጥያቄ እስከ ዛሬ የመለሰ የለም። ልብ በሉልኝ፣ እመለስበታለሁ።

የብስክሌት ቡድናችን ሲቋቋም ስድስት ነበርን፤ እኔ፣ ዋቅጅራ፣ ሙሄ፣ ሌሎቹንም ታውቋቸዋላችሁ። «ልብስ የምታዘጋጅላችሁ እትዬ ገዲሴ ናት» ተባልን። እኛ ጀርባችን ላይ ቁጥር ትሰፋልናለች ብለን ሄድን። እሷ እቴ! እንደ ክትባት ቀን አሰለፈችን።

«ካኔተራህን አውልቅ» አለችኝ።

«እትዬ፣ ብርድ ነው እኮ።»

«ለዚህ ነዋ አውልቅ ያልኩህ። ጥጥ ውሃ ይጠጣል። ጠጥቶ ሲከብድ ተሸክመኸው ሰበታ ልትሄድ ነው?»

ከየቤቱ አሮጌ የሱፍ ሹራብ ለምና፣ ተርትራ፣ ለስድስታችን ከሰውነት የሚጣበቅ የውስጥ ልብስ ሠራችልን። ይበላል። አቤት አበላሉ! ዋቅጅራ ውድድር ላይ አንድ እጁን ለቆ ሲያክ ሰው ለደጋፊ ሰላምታ የሚሰጥ ይመስለው ነበር። ከዚያ በላይ ማሊያ፤ በማሊያውና በሹራቡ መካከል ደረት ላይ ጋዜጣ። ነፋሱን የሚይዘው ጋዜጣው ነው። ሰበታ ስንዞር የረጠበውን አውጥተን ደረቁን እንከታለን። አንድ ቀን ጎንበስ ብዬ ባይ ደረቴ ላይ የሐዘን ማስታወቂያ ገጽ ተለጥፏል።

«እትዬ፣ የሞተ ሰው ፎቶ ደረቴ ላይ?»

«አንተም እዚያ ገጽ ላይ እንዳትወጣ ነው። ቀጥ በል።»

እግርን ደግሞ እንዲህ ነው የምታለብሰው፤ መጀመሪያ ስስ ካልሲ፣ በላዩ ፌስታል፣ በላዩ ሌላ ካልሲ፣ ከዚያ ጫማ። የፌስታሉን አፍ ከአሮጌ የብስክሌት ካላማዳሪ በቆረጠችው የጎማ ቀለበት ታስረዋለች። ጉልበት ላይ ቫዝሊን፣ ያውም በእጇ እስኪግል እያሸች። በመጨረሻ ሁለት ጣቷን ኮሌታችን ውስጥ ከትታ ማጅራታችንን ትነካለች። ማጅራቱ የቀዘቀዘ ሰው ሙቀት ሳያገኝ መነሻው መስመር ላይ አይቆምም። ዳኛው ፊሽካ ቢነፋም አይቆምም። አንድ ጊዜ ዳኛውን ራሱን ማጅራቱን ነክታ ወደ መኪናው መልሳዋለች።

ከዚህ አዳራሽ ውስጥ ማጅራቱ ያልተነካ ካለ እጁን ያውጣ። ይኸው፣ የለም። አቶ ውዳሴ፣ የአስተዳደር ኃላፊያችን፣ እርስዎም ችግኝ ተከላ ቀን ተነክተዋል፤ አይቻለሁ። «ኮሌታዎን ይዝጉ» ስትልዎት ዘግተዋል።

እንግዲህ እስካሁን ስቃችኋል። አሁን ብርነሽ ይቅርታ ታድርግልኝ።

ነሐሴ 1985 የፋብሪካዎች ዋንጫ ነበር። ከዚህ ከነፋስ ስልክ ተነስተን፣ በመካኒሳ አቦ፣ በለቡ መብራት ኃይል አድርገን ሰበታ ደርሶ መልስ፣ ሁለት ዙር። ያን ሰሞን ሰማዩ ተቀዶ ነበር። እትዬ ገዲሴ በሹራብና በጋዜጣ ብቻ እንደማይቻል አወቀች። ለስድስት ጃኬት የሚሆን ላስቲክ ይሰጠን ብላ ማመልከቻ ጻፈች። ሦስት ጊዜ ጻፈች። መልሱን በቃሌ ይዤዋለሁ፤ «ለስፖርት ዘርፍ የተመደበ የፕላስቲክ ኮታ ስለሌለ ጥያቄው ተቀባይነት አላገኘም።» ይህን ያለው ላስቲክ ፋብሪካ ነው። መልሱ ሲነበብላት ከስፌት ክፍሏ ጀርባ የተቆለለው ጥቅል በመስኮት ይታያል። ቀን ከሌት የምናመርተው ላስቲክ ነው፤ ብርድ ለሚቆራምታቸው ስድስት ልጆቹ ግን ኮታ የለውም። አትቆጣ ትሉኛላችሁ!

ውድድሩ ሊደርስ ሁለት ቀን ሲቀረው፣ ልክ በምሳ ሰዓት፣ አንድ ሰው ከጥቅሉ ቆርጦ ለእትዬ ገዲሴ አመጣላት። «ውድቅ ምርት ነው፤ ውሰዱት ብለውናል» አላት። ውድቅ አልነበረም። ማንም ውሰዱት አላለም። እሷ ስድስት ጃኬት ሰፋች።

የውድድሩን ቀን አስታውሱ። ሌሎቹ ቡድኖች የጥጥ ቱታ ደርበው መጡ። መካኒሳ ሳይደርሱ ቱታው ጭቃና ውሃ ጠጥቶ ጉልበታቸው ላይ ተንጠለጠለ። ለቡ ቁልቁለት ላይ ከፊቴ የነበረው ልጅ ጣቱ ደርቆ ፍሬን መያዝ አቅቶት ቦይ ውስጥ ገባ። ደግነቱ አልተጎዳም፤ ግን እንደ ሕፃን ያለቅስ ነበር። የእኛ ስድስት ሰው ግን ስድስቱም ውድድሩን ጨርሶ ገባ። ዋንጫውን ወሰድን። ዋንጫው የት ነው? አቶ ውዳሴ ቢሮ፣ መስታወቱ ውስጥ። እንግዳ በመጣ ቁጥር ይታያል።

ሰኞ ዕለት ጃኬቶቹ አጥር ላይ ሲደርቁ የንብረት ክፍል አያቸው። ኮሚቴ ተቀመጠ። «ይህን ላስቲክ ማን አወጣው?» ተባለ። እትዬ ገዲሴ፣ «እኔ ነኝ» አለች። የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ፣ ንብረት በማባከን። ፋይሏ ውስጥ ገባ።

ያወጣው እኔ ነኝ።

አዎ፣ እኔ። መኩሪያ። አጉረምርሙ፣ ይገባኛል። ያን ዕለት ከኮሚቴው ስትወጣ በር ላይ ጠበቅኳት። «እትዬ፣ ዋሽቼሽ ነው። ደህናውን ነው የቆረጥኩት» አልኳት።

«ውድቅና ደህና ላስቲክ መለየት ያቃተኝ መሰለህ? መቀሱ ሲገባበት አውቄዋለሁ» አለችኝ።

«ታዲያ ለምን ሰፋሽው?»

«ነሐሴ ነዋ።»

እገባና እናገራለሁ ብል ክንዴን ይዛ፣ «አንተ በማርፈድ ሁለት ማስጠንቀቂያ አለህ። ሦስተኛው ከመጣ ስንብት ነው። እኔ አንድም የለኝም፤ አንዱን እችለዋለሁ። ሁለተኛ ይህን ነገር ስታነሳ እንዳልሰማ» አለችኝ። እኔ ጀግናው አላነሳሁም። አምስት ዓመት አላነሳሁም። በዓመቱ የስፌት ክፍል ኃላፊነት ሲከፈት «ማስጠንቀቂያ አለባት» ተብላ ታለፈች። ብርነሽ አትቀየሚኝ፤ ቦታው ለአንቺ ተሰጠ፤ መርፌ አያያዝ ያስተማረችሽ ግን እሷ ናት። ይኸው ብርነሽ ራሷ ራሷን እየነቀነቀች ነው። ያኔም ዝም አልኩ። እኔ የዛሬው ቁጣዬ ግማሹ በራሴ ላይ ነው፤ ግማሹን ግን ለማንም አልተውም።

ትናንት እትዬ ገዲሴ የሥራ ልምድ ማስረጃዋን ተቀበለች። ለቡ መብራት ኃይል ቤቷ አጠገብ ከልጇ ጋር ስፌት ቤት ልትከፍት ነው፤ ወረቀቱን ግድግዳው ላይ ልትሰቅለው ነበር። አሳየችኝ። አስራ ዘጠኝ ዓመት በሁለት መስመር አልቋል። ሦስተኛው መስመር፣ «በንብረት ማባከን አንድ ጊዜ የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ ተሰጥቷታል» ይላል። አራት ቦታ አጥፋ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችው። «ይሁን፣ ሌላ ነገር እሰቅላለሁ» አለች።

ቅድም ደግሞ የፋብሪካው ስጦታ ተገለጠ። ጃንጥላ። ለእትዬ ገዲሴ ጃንጥላ! እናንተ ሰዎች፣ ይቺ ሴት ስድስት ሰው ከነሐሴ ዝናብ አትርፋለች፤ እሷ ጃንጥላ ምን ያደርግላታል? ጃንጥላውን መልሱት። ያቺን መስመር አንሱላት። ሌላ ስጦታ አንፈልግም።

አቶ ውዳሴ፣ አይነሱ፣ ጨርሻለሁ። ይኸው ደብዳቤዬ፤ ላስቲኩን ያወጣሁት እኔ መሆኔን ጽፌ ፈርሜበታለሁ። ሦስተኛዬ ነው፤ ስንብት ከሆነም ይሁን፤ ሁለት ሽኝት በአንድ ድግስ ይወጣላችኋል። ይህ ደግሞ ጃኬቱ ነው። አምስት ዓመቱ፤ ስፌቱ አንድ ቦታ አልተተረተረም። ጀርባው ላይ የተሰነጠቀው ላብ እንዲወጣ ብላ ነው። ይኸው ለብሼዋለሁ። ዋቅጅራ፣ ሙሄ፣ እናንተም ሦስታችሁ፣ እስቲ ተነሱ። ስድስታችንም በሕይወት አለን። ተባከነ የተባለው ላስቲክ ይኸው ነው።

ምን አሉ፣ አቶ ውዳሴ? ሰኞ ይታያል? ሰኞ እሷ እዚህ የለችም። የጽሕፈት መኪናው ፎቅ ላይ ነው፣ ጸሐፊዎ መርዋም እዚህ ተቀምጣለች። ሁለት መስመር ነው የሚተየበው፤ ሦስተኛው አይተየብም። … አሁኑኑ ይተየብ አሉ? እግዜር ይስጥልኝ። ደብዳቤውን ይያዙት፣ የእርስዎ ነው። መርዋ፣ ሂጂ እህቴ፤ ድርሻሽን እናቆይልሻለን። እትዬ፣ ያንን የታጠፈውን ወረቀት ስጪያት።

ብርጭቆ አንሱ። መርዋ እስክትመለስ ማንም እንዳይቀመጥ።

እትዬ ገዲሴ፣ ካንቺ በኋላ ማጅራታችንን ማን እንደሚነካው አላውቅም። ስላለበስሽን እናመሰግንሻለን። ዝም ስላልኩ ይቅር በይኝ። ዕድሜ ከጤና ይስጥሽ፤ ስፌት ቤትሽ ከደንበኛ አይጉደል፤ ብርድ ደጅሽን አይርገጥ።

ምን አለች? እስቲ ዝም በሉ፣ አልሰማኋትም። … እሺ እትዬ። ኮሌታዬን ዘግቻለሁ። ይኸው፣ እስከ ላይ ዘግቻለሁ።

ለእትዬ ገዲሴ። ጠጡ።