ከላይ የተነሳ ፎቶ

«ና፣ ግባ ካሊን ልጄ። በሩን ገፋ አድርገው፣ አልተቆለፈም። የአርባውን ማስታወቂያ ብቻ ተጠንቀቅ፤ ሙጫው ገና አልደረቀም፣ ልብስህን እንዳይነካብህ። እናትህ እንዴት ናት? ጉልበቷን ተሻላት? ሙቀቱ ለጉልበት ጥሩ ነው ይላሉ፤ ለሌላው ነገር ግን እንጃ... እዚያች በርጩማ ላይ አረፍ በል። እኔ ቃሪያዬን እያገላበጥኩ አጫውትሃለሁ። ከተውኩት ያርርብኛል።»

ኔዴልያ በጋለው ቆርቆሮ ላይ የተደረደረውን ቀይ ቃሪያ በጣቷ ጫፍ አገላበጠች። ሳጅን ካሊን ባርኔጣውን አውልቆ ተቀመጠ። ከሠላሳ ዓመት በፊት ፊደል ያስቆጠረችው ልጅ ነው፤ ዛሬም ፊቷ ሲቀመጥ ጉልበቶቹን ይገጥማል። የመጣበት ጉዳይ ከራሱ በላይ ተንጠልጥሏል። ወይኑን ከወፍ ለመከላከል በዳሱ ላይ የተዘረጋው መረብ ካሜራ ያለው አንድ ነጭ ድሮን ይዟል። ድሮኑ ትናንት ከሰዓት በኋላ ዝቅ ብሎ ሲያልፍ ነው የተጠላለፈው። ባለቤቱም ወዲያው ፖሊስ ጣቢያ ደውሎ «ንብረቴን ይዛ አልመልስ አለችኝ» ሲል አመልክቷል።

የድሮኑ ባለቤት፣ ጎረቤቷ፣ አሁን ከግንቡ ማዶ ቲማቲሙን ያጠጣል። ሰውየው አይታይም፤ የውኃው ድምፅ ግን ይሰማል። ኔዴልያ ድምፅዋን ትንሽ ከፍ አደረገች።

«አዎ፣ እዚያ ነው፣ አልነካሁትም። የሰው ንብረት አይደል? የሰው ንብረት ደግሞ በሰው ግቢ ሲገኝ ይከበራል። ጎረቤቴ እንዲህ ያለውን ነገር ጠንቅቆ ያውቃል፣ ሕግ አዋቂ ነው። አምና ባሌ ጻንኮዬ፣ ነፍሱን ይማረውና፣ ጣቢያ ድረስ መጥቶ ‹ይኼ ነገር አናቴ ላይ እየዞረ በገዛ ግቢዬ መቀመጥ አቃተኝ› ሲልህ ምን ብለህ መለስከው? ‹መሬቱ የእናንተ ነው፣ አየሩ ግን የማንም አይደለም ብሎኛል ጎረቤትህ› አላልከውም? እውነቱን እኮ ነው! እኔ ብቻ ነኝ ነገሩ ያልገባኝ። ልብሴን ገመድ ላይ ሳሰጣ መሬት ላይ አይደለም የማሰጣው... ታዲያ በማን አየር ላይ ነው? የማንም ባልሆነው? እንግዲያው ሙታንታዬም የማንም አይደለም ማለት ነው። ለዚህ ነው መጠጥ ቤት ውስጥ ሲወራበት የከረመው።

«አትሳቅ፣ በሥራ ላይ ነህ። ይልቅ እኔ ሰውየውን ያደነቅኩት በዓይኑ ነው። ‹ሙታንታዋ ሦስት ቦታ ተጥፏል› ብሎ ነበር። እኔ ሁለቱን ብቻ ነበር የማውቀው። ገብቼ ብቆጥር በእውነትም ሦስት! ጣራችንስ? ጻንኮ ሁለት ክረምት ሙሉ ውኃው በየት እንደሚገባ ሲፈልግ ኖሯል። ጎረቤቴ በአንድ ጠዋት አየለት። ለኛ አልነገረንም እንጂ፣ ለመንደሩ ሁሉ ነግሮልናል። የኢቭካን ዶሮዎች የሚበላው ውሻ የማን እንደሆነ ያወቀው ማነው? ቄሱ ከቤተ ክርስቲያኑ ኋላ ቆመው ሲያጨሱ ያየው ማነው? እግዚአብሔር እንኳ አንዳንዴ አልፎ አልፎ ዓይኑን መለስ ያደርጋል... ይኼ ሰው ግን! ትጋት ይሉሃል ይኼ ነው።

«አንድ ቀን ብቻ አመለጠው። ያውም የሱ ጥፋት አይደለም።»

ኔዴልያ ሁለት ያረሩ ቃሪያዎችን አንስታ ድስት ውስጥ ጨመረችና ክዳኑን ገጠመችው።

«ነገ አርባው ነው አይደል? እኔ እሱ የሞተ ዕለት በጠዋቱ አውቶቡስ ከተማ ወርጄ ነበር። ቀትር ላይ ስመለስ ከኮኩ ዛፍ ሥር አገኘሁት፣ መሰላሉ በላዩ ላይ ወድቆ። ሐኪሙ ‹ወድቆ ሁለት ሰዓት ያህል ሳይቆይ አልቀረም› አለኝ። ደግሞ ‹አንድ ሰው ቶሎ...› ብሎ ጀመረና ተወው። ጨዋ ልጅ ነው፣ አልጨረሰውም። አንተም ሥራህን ሠራህ፣ አልወቅስህም። ግንቡን ዞረህ ሄደህ ‹ያን ጠዋት አብርረህ ነበር ወይ?› ብለህ ጠየቅከው። ‹አላበረርኩም፣ ባትሪው ተበላሽቷል፣ እኔም ራሴን አሞኝ ተኝቼ ነው የዋልኩት› አለህ። አንተ እኔ ባስተማርኩህ በዚያ በሚያምር የእጅ ጽሑፍህ ጻፍከው፤ እሱ ፈረመበት። እኔም አመንኩ። ለምን አላምንም? እንዲህ ዓመቱን ሙሉ ለሰው የሚደክም ሰው አንድ ቀን ራሱን ቢያመው ይፈረድበታል?

«ለቀብሩስ ቢሆን ማን ቀደመው! ሬሳ ሳጥኑን በፊት በኩል የተሸከመው እሱ ነው። ከኔ ይልቅ ነው ያለቀሰው፤ ሰው ሁሉ ‹ወንድሙ ነው ወይ?› ብሎ ጠየቀኝ። አረቄ በጠርሙስ ሳይሆን በጀሪካን ነው ያመጣው። አንዳንድ ሰው ሐዘኑ ከቅርብ ዘመድ ይበልጣል... ምክንያቱን ራሱ ነው የሚያውቀው።

«ትልቁ ውለታው ግን የዛሬው ነው። ጻንኮ ፎቶ እንደማይወድ ታውቃለህ። ለቀብሩ ማስታወቂያ ብፈልግ ብፈልግ ያገኘሁት ወታደር ሳለ የተነሳውን ነው፤ ያቺን ጢሟ መጥረጊያ የመሰለችውን። በየምሰሶው ብለጥፈው ሰው ‹ውይ፣ ይኼ የሞተው ልጅ የማን ነው?› ይል ጀመር። ይኼን ያየው ጎረቤቴ አዘነልኝ። ‹ለአርባው የሚሆን ጥሩ ፎቶ እኔ አለኝ፣ አንቺ አትድከሚ፣ አሳትሜም እለጥፍልሻለሁ› አለኝ። ዛሬ ማለዳ በግቢዬ በር ላይ፣ አውቶቡስ ማቆሚያው ላይ፣ ሱቁ ጋ፣ ቤተ ክርስቲያኑ አጥር ላይ በገዛ እጁ ለጠፈው። እስኪ ዞር ብለህ እየው። ከዚህም ይታያል። አያምርም?»

ካሊን ወደ በሩ ዞረ። በማስታወቂያው ላይ ጻንኮ ከላይ ተነስቷል፤ ራሰ በራው ያበራል፣ ፊቱ ወደ ሰማይ ቀንቷል፣ ቀኝ እጁ ከፍ ብሏል። ከሥሩ «በፍቅር እየተሰናበተን» የሚል ተጽፎበታል።

«‹በፍቅር እየተሰናበተን›! ኧረ ጻንኮዬ... እጁ ላይ ያለውን አየኸው? ኮክ ነው። በላዩ በሚዞረው ነገር ላይ ሊወረውረው መሰለኝ። አርባ አንድ ዓመት አብሬው ስኖር እጁን እንዲህ አንስቶ በፍቅር የተሰናበተው ሰው አላጋጠመኝም። ግን ይሁን። ሴቶቹ ሁሉ ከማስታወቂያው ሥር ቆመው ‹መላእክቱ መጡለት መሰል፣ እያያቸው ነው› እያሉ ያለቅሳሉ። አንድ ነገር መጥቶበት እንደነበር እንኳ አልተሳሳቱም።

«እኔ ግን ሴት ነኝና ሸሚዙን ነው ያየሁት። ሰማያዊ፣ ባለ ዳማ። ልጃችን ከፕሎቭዲቭ ከተማ የላከችለት። ያን ጠዋት ከማሸጊያው አውጥቶ ለበሰው። የዋጋዋን ወረቀት ከአንገቱ ላይ በመቀስ የቆረጥኩለት እኔ ነኝ። ‹ለኮክ ለቀማ አዲስ ሸሚዝ?› ብለው ‹ታዲያ መቼ ልልበሰው፣ ስሞት?› አለኝ። እየሳቅኩ ነው ወደ አውቶቡሱ የሮጥኩት። ቀትር ላይ የአምቡላንስ ልጆች ደረቱን ለማየት ከላዩ ላይ በመቀስ ቀደዱት። ከመቀስ እስከ መቀስ አምስት ሰዓት ቢሆን ነው። ያ ሸሚዝ ጻንኮ ላይ የዋለው ያን ጠዋት ብቻ ነው፣ ካሊን።

«እንግዲህ ምን ብዬ እንደተደነቅኩ ገምት። ያለ ባትሪ የሚበር ድሮን! ባለቤቱ ራሱን አሞት ተኝቶ ሳለ ብቻውን ተነስቶ፣ ግንብ ዘሎ፣ መሰላል ላይ የቆመ ሽማግሌ ፊት ድረስ ቀርቦ ፎቶ አንስቶ የሚመለስ! እንዲህ ያለ ተአምር በኛ መንደር ሲሠራ ጋዜጠኛ የለም?»

ከግንቡ ማዶ የውኃው ድምፅ ተለወጠ። ከቦታ ቦታ መዘዋወሩን ትቶ አንድ ሥፍራ ላይ ብቻ ይንዶቀዶቅ ጀመር። ካሊን ጎንበስ ብሎ የመሬቱን ጡብ ያያል። ኔዴልያ እጇን በሽርጧ ጠርጋ አጠገቡ ተቀመጠች። ከዚህ በኋላ ድምፅዋ ዝቅ አለ፤ ግንቡን ግን አሁንም ይሻገራል።

«እኔ ቅጣት አልፈልግም። ቅጣቱ ጻንኮን ኮክ አያስለቅመውም። ልጄ በስልክ ስትነግረኝ እነዚህ ነገሮች ፎቶ ብቻ ሳይሆን ፊልምም ያነሳሉ አለች። እንግዲያው ከዚህች ፎቶ በፊት አለ፣ በኋላም አለ። በፊቱን ተወው። የኋላውን ነው የምፈልገው። ወዲያው ነው የሞተው ወይስ ተጣርቷል? ስሜን ጠርቶ ይሆን? እጁን ለማን አነሳ፣ ኮኩን ለመወርወር ነው ወይስ ‹ድረሱልኝ› ለማለት? አርባ ቀን ሙሉ አልጋዬ ላይ የምጠይቀው ይኼን ብቻ ነው። ይኼንን የሚያውቅ አንድ ሰው አለ፤ ቲማቲም ያጠጣል።

«ደግነቱን ስለማውቅ ግን አልጨነቅም። ፎቶውን ለኔ ብሎ ያስቀመጠ ሰው የተረፈውን ይጥለዋል? ነገ ንፍሮውን ሊቀምስ ሲመጣ ይዞልኝ ይመጣል። ረስቶት ከመጣ ደግሞ አንተ ያችን የፈረመባትን ወረቀት ታስታውሰዋለህ። ራስ ምታት እኮ ያስረሳል...

«በል፣ ተነስ አውርድለት። መሰላሉ ያውልህ፣ ዛፉ ሥር ነው። አዎ፣ ያው መሰላል ነው። ምነው ቆምክ? ውጣ፣ እኔ እይዝልሃለሁ። ያን ቀን ጻንኮ የወደቀው የሚይዝለት ሰው ስላልነበረ ነው። መረቡን ብቻ እንዳትቀድብኝ፤ ወፎቹ እየጠበቁ ነው።»

ካሊን ወጣ። ኔዴልያ መሰላሉን በሁለት እጇ ጨብጣ፣ ዓይኗን ከእግሮቹ ላይ ሳታነሳ ቆመች። ካሊን የመረቡን ክሮች አንድ በአንድ ፈታቸውና ድሮኑን በብብቱ ይዞ ወረደ። ወደ ግንቡ ሁለት እርምጃ ሄደ፤ ከዚያ ቆመና ማስታወቂያውን እንደገና አየ። ተመልሶ መጣና ከመኪናው ባወጣው የፖሊስ ከረጢት ውስጥ ድሮኑን ከትቶ አፉን አሰረው። ማስታወቂያውንም ከነሙጫው በጥንቃቄ ልጦ፣ አጣጥፎ በደብተሩ ውስጥ አስገባው።

ከማዶ ውኃው አሁንም አንድ ቦታ ይፈስሳል። በግንቡ ሥር ባለች አንዲት ቀዳዳ በኩል ጭቃው ወደ ኔዴልያ ግቢ መግባት ጀምሯል።

«ምነው፣ ጣቢያ ትወስደዋለህ እንዴ? ውይ፣ አየሩ እንዳይናፍቀው! በል እንግዲህ፣ እናትህን ሳምልኝ። ቃሪያ በጠርሙስ እልክላታለሁ። ጎረቤቴንም ስታገኘው፣ ማለቴ የት ታገኘዋለህ፣ ተኝቶ ይሆናል... ብቻ ስታገኘው፣ ኔዴልያ በባሏ አርባ ዋዜማ መረቀችህ በለው። ዕድሜውን ያርዝምለት። ጉልበቱን ያጽናለት፤ ከኛ ዛፎች ሁሉ ከፍ ወዳለው ላይ ያውጣው። ከወደቀም፣ በወደቀበት ሰዓት ዓይኑን ለአፍታ እንኳ ከላዩ ላይ የማያነሳ፣ ልክ እንደሱ ያለ ጎረቤት አያሳጣው።»