«ተመስገን» ብቻ የምትለው አራስ

ፍራሽ አዳሹን ሰው ሰፈሩ «አባ ጥጥ» ይላቸዋል። ስሙን ያወጣላቸው አንድ ቀልደኛ ጎረቤት ነው፤ ማታ ሱቃቸውን ዘግተው ሲወጡ ቅንድባቸውም ጢማቸውም ጥጥ ለብሶ አይቶ። እሳቸውም «ከአባ ጭቃ ይሻላል» ብለው ዝም አሉ። ዝምታ ይችሉበታል። ባለቤታቸው ካረፈች ጀምሮ ስሟን በቤታቸው አንስተው አያውቁም። ለአንድያ ልጃቸው አዝነው ነው፤ ስሙ ካልተነሳ ናፍቆቱም አይነሳም ብለው። ሆድ ይፍጀው ማለት ለእሳቸው ጥበብ ነበር።

አንድ ቀን ረፋድ ላይ ሁለት ተሸካሚዎች አንድ ቆዳ መሳይ ልባስ ያለው ፍራሽ ይዘው ገቡ። ከኋላቸው የጤና ጣቢያው አዋላጅ ነርስ ተከተለች፤ ገና ወጣት ናት፣ ንግግሯ ግን የረጋ።

«እንዴት አረፈዱ አባባ? የምርመራ አልጋችን ፍራሽ ነው። መሐሉ ጎድጉዶ ነፍሰ ጡሮቹን እየዋጠብን ተቸገርን።»

«ሁለት ሁለት ነፍስ እያስተኛችሁበት ምን ያድርግ ብለሽ ነው» አሉ አባ ጥጥ፤ ፍራሹን በመዳፋቸው ጫን ጫን እያደረጉ።

አዋላጇ ሳቀች። ከዚያ በሱቁ ጥግ ያለውን ባዶ በርጩማ አየችና፣ «ባለፈው ዓመት ስመጣ እዚህ ተቀምጣ ጠርዝ የምትሰፋ ልጅ ነበረች። እያንጎራጎረች። የት ሄደችብዎት?» አለች።

«ሚጣዬን ነው? ልጄ ናት። ወልዳ እቤት ተኝታለች።»

«እንኳን ደስ አልዎት። እንዴት ናት ታዲያ?»

«ተመስገን ነው። ትንሽ ሰነፈች እንጂ።»

ይህቺ «ትንሽ» የምትባል ቃል ስንት ጉድ እንደምትሸፍን የሚያውቅ ያውቃል። አዋላጇም ከሚያውቁት ወገን ነበረችና ለመሄድ አልቸኮለችም። ተሸካሚዎቹን አሰናብታ በርጩማው ላይ ተቀመጠች።

«ሰነፈች ሲሉ እንዴት ነው?»

አባ ጥጥ የፍራሹን ስፌት መተርተር ጀመሩ። እጃቸው ሲሠራ አፋቸው ይፈታል። «ሕፃኗን ታጠባለች፣ ታጥባለች፣ ከዚያ ግድግዳ ታያለች። ሕፃኗ ተኝታ እንኳ እሷ አትተኛም። ምግብ ቢቀርብላት ትጎርሳለች እንጂ አትውጥም። ሁለት ወር አለፋት እንዲህ ከሆነች። የዘንድሮ ልጅ ሆድ ይብሳታል፤ ሌላ ምን አለ።»

«እሷ ራሷ ምን ትላለች?»

«ምን ትላለች? ‹አባዬ፣ እኔኮ…› ብላ ትጀምራለች። እኔም ‹ተመስገን በይ ልጄ፣ ስንቱ ልጅ አጥቶ ያለቅሳል› እላታለሁ። እሷም ‹ተመስገን› ትላለች። አለቀ።»

«‹እኔኮ› ብላ የጀመረችውን ጨርሳው ታውቃለች?»

ሽማግሌው የስፌቱን ክር በኃይል በጠሱት። መልስ ያጣ ሰው ቁጣ አያጣም።

«ስሚኝ ልጄ» አሉ፣ «ልጅ ያቦካው ለራት አይበቃም ይባላል፤ አትቀየሚኝ። የኔ እናት ስምንት ወልዳለች። ማናችንም ላይ ግድግዳ ስታይ አልተገኘችም።»

«አልቀየምም አባባ። ግን ልጠይቅዎት፤ እናትዎ ሲወልዱ አጠገባቸው ማን ነበር?»

«ኧረ መግቢያ አልነበረም። እናቷ፣ አክስቶቿ፣ የጎረቤት ሴት። አንዷ ሕፃን ትይዛለች፣ አንዷ ታበስላለች፣ አንዷ ታስቃታለች።»

«ከሚጣስ ጋር ማን አለ?»

«እኔ አለኋ።»

«አሁን እርስዎ እዚህ ነዎት።»

አባ ጥጥ ወደ መተርተራቸው ተመለሱ። አማቻቸው፣ የሚጣ ባል፣ የከባድ መኪና ሾፌር ነው፤ የመጣ ለት የሕፃኗ ልብስ ሁሉ ጠቧት ያገኘዋል። ጎረቤት ቢኖርም፣ «ልጄ እንዲህ ሆነች» ብሎ መንገር ይሉኝታ ሆኖባቸው በራቸውን ዘግተው ከረሙ።

«ሌላም ልጠይቅዎት» አለች አዋላጇ። «ከዚህ በፊት ሐዘን ጥሏት ያውቃል?»

«እናቷ የሞተች ጊዜ ክረምቱን ሙሉ ከቤት አልወጣችም።»

«ከዚህችኛዋ በፊት እርግዝና ነበር?»

ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። «አንዱ ወርዶባታል። አላወራንበትም።»

«ሕፃኗን አርግዛ ሳለችስ?»

«መቼ ይሆን… አዎ፣ ያኔ ነው ማንጎራጎሯን የተወችው። እኔ ድካም መሰለኝ።» ይህን ሲሉ ዓይናቸው ወደ በርጩማው ሄደ። ከልጃቸው ጋር ፍራሹን መሐል አድርገው፣ እሳቸው ከዚህ እሷ ከዚያ ሲሰፉ የነበረበት ጊዜ ትዝ አላቸው። ሱቁ ከዚያ ወዲህ ሰፍቶባቸዋል።

«እንግዲህ ይስሙኝ» አለች። «ይህ ስንፍና አይደለም፣ ቅብጠትም አይደለም። በእርግዝና ጊዜም ከወሊድ በኋላም የሚይዝ የድባቴ ሕመም ነው። የወለደች ሴት በመጀመሪያዎቹ ቀናት ሆድ ሊብሳት፣ ልታለቅስ ትችላለች፤ ያ ሳይቆይ ይለቃታል። ሁለት ሳምንት አልፎ ካልለቀቃት ግን ሌላ ነገር ነው። ማንንም ሊይዝ ይችላል፤ ሁሉ የሞላላትንም። ቀደም ሲል ሐዘን የሰበራት፣ ፅንስ የወረደባት፣ ባሏ የራቃት፣ እናት ወይም እህት አጠገቧ የሌለች፣ እንቅልፍ ያጣች፣ ምጡ የከፋባት፣ ቤቷ ውስጥ ጠብ ያለባት ግን የበለጠ ትጋለጣለች። የጠቆረ ደመና ሁሉ አይዘንብም፤ ግን ጃንጥላ መያዝ ነበረብን። በቤተሰባችሁስ እንዲህ የሆነ አለ?»

«በኛ ዘር እብድ የለም» አሉ ቶሎ ብለው።

«እብደት አላልኩም አባባ።»

መተርተሪያው ምላጭ እጃቸው ላይ ቀረ። ስንት ዓመት ከድነው ያኖሩት ትዝታ ተነሣ። ባለቤታቸው ሚጣን እንደወለደች ጀርባዋን ለበሩ ሰጥታ ተቀምጣ ነበር፤ ሲጠሯት አትዞርም። የሳቸው እናት «ብርድ ነው» አሉ። ከዚያ አማታቸው ጓዛቸውን ጠቅልለው መጡ። ሕፃኗን ተቀብለው ልጃቸውን አስተኟት፣ አብረዋት አለቀሱ፣ እስክትዞር ድረስ አልሄዱም።

ይህን ሁሉ ለአዋላጇ ተናገሩ። ለሰው ሲናገሩት የመጀመሪያቸው ነው። ከዚያ እንደ ዋዛ፣ «ሚጣማ ባለፈው ‹ሕፃኗ ያለ እኔ ይሻላት ነበር› አለችኝ። ተመስገን በይ አልኳት» ብለው ጨመሩ።

አዋላጇ ብድግ አለች።

«አባባ፣ ይሄ ቃል ተይዞ አይታደርም። ራሷን ልትጎዳ አስባ ይሆናል። አሁኑኑ እንሂድ።»

«ሰውስ ምን ይላል? ልጅህ አበደች ቢሉኝስ?»

«በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም፤ የናንተው የሽማግሌዎቹ ተረት ነው። እስቲ ይንገሩኝ፣ ይሄን ፍራሽ ሳይተረትሩት፣ ጓጉሎ የተቀመጠውን ጥጥ ሳያፍታቱት፣ ከላይ አዲስ ጨርቅ ቢያለብሱት ማን ይተኛበታል?»

«ወገቡን የጠላ።»

«‹ተመስገን በይ› ማለት ለሚጣ አዲስ ጨርቅ ነው። ምስጋናው ክፉ ሆኖ አይደለም። ከውስጥ ያለው ሳይወጣ ላዩን ሸፈናችሁት እንጂ።»

አንዳንድ ሰው ምክር የሚገባው በሙያው ቋንቋ ሲነገረው ነው። አባ ጥጥ የተተረተረውን ፍራሽ እንደተዘረገፈ ትተው ሱቁን በጠራራ ፀሐይ ዘጉ፤ ጎረቤት ሱቆች እስኪገረሙ።

ቤት ሲደርሱ አዋላጇ በሩ ላይ ቆመችና «መጀመሪያ እርስዎ ይግቡ» አለቻቸው። ሚጣ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጣለች፤ ሕፃኗ አጠገቧ እጇን ታወናጭፋለች።

«አባዬ፣ ምነው በጊዜ?»

ተቀመጡ። ምን እንደሚሉ አያውቁም ነበር። «‹እኔኮ› ብለሽ ስትጀምሪ አቋርጬሽ ነበር። ጨርሺልኝ» አሉ።

«ኧረ ደህና ነኝ። ተመስገን።»

«ተመስገኑን እኔ እልልሻለሁ። አንቺ የቀረውን ንገሪኝ።»

ልጅቷ የአልጋ ልብሱን ጠርዝ በጣቷ ማጠፍ ያዘች። ከዚያ የመጣው ቃል ተቆራርጦ ነበር። «እኔኮ አባዬ… እንደ ሌሎች እናቶች ደስ አላለኝም። ሳቅፋት እጄ የኔ አይመስለኝም። የወረደውን አስባለሁ። አንዳንዴ ተኝቼ ባልነቃ እላለሁ። እንዴት እንደሚታቀፍ እማዬ ታሳየኝ ነበር እላለሁ፤ ግን የሷ ነገር አይወራም። ለማን ልንገር?»

አባ ጥጥ አለቀሱ። በልጃቸው ፊት አልቅሰው አያውቁም። «እናትሽም አንቺን ወልዳ እንዲህ ሆና ነበር» አሉ። «ስላልወደደችሽ አልነበረም፤ አሟት ነበር።»

ሚጣ ዞረች። «እንዴት ዳነች?»

«እናቷ መጣችላት።»

«እኔስ?»

«እኔ አለሁ። ምኑንም አላውቅበትም፤ እማራለሁ። በር ላይ ደግሞ የምታውቅ ሰው ቆማልሻለች።»

በዚያው ቀን ሐኪም ዘንድ ሄዱ። ሐኪሙ ራሷን ለመጉዳት ታስብ እንደሆን ሳይሸሽግ ጠየቃት፤ እሷም ሳትሸሽግ መለሰች። ብቻዋን እንዳትውል ተነገራቸው። ሚጣ ቀጠሮ እየጠበቀች ከባለሙያ ጋር መነጋገር ጀመረች፤ ለምታጠባ እናት የሚሆን መድኃኒትም ታዘዘላት። ሾፌሩ አለቃውን ለምኖ የቅርብ መስመር ያዘ። ጎረቤቶች ሲነገራቸው «አበደች» ያለ አልተገኘም፤ ይልቅ አንዷ «እኔም ሆኜ ነበር፣ የሚጠይቀኝ አጥቼ» ብላ በየጠዋቱ ሕፃኗን ልትይዝ መምጣት ጀመረች። ሚጣም በዚያ ሰዓት ትተኛ ነበር።

መዳኑ እንደ ኤሌክትሪክ መብራት በአንዴ አልሆነም። የከፋት ቀን ተመልሶ የመጣበት ሳምንት ነበር። ቢሆንም እናቲቱ መብላት፣ መተኛት፣ ልጇን በስስት ማየት ጀመረች፤ ሕፃኗም የእናቷን ዓይን እየፈለገች መሳቅ ለመደች። አንዲት እናት በጊዜ ስትታከም የሚተርፈው አንድ ሰው ብቻ አይደለም፤ ሕፃኑም፣ ባልየውም፣ ቤቱም አብሮ ይተርፋል። አንባቢ ሆይ፣ በቤትህ ነፍሰ ጡር ወይም አራስ ካለች አትምከራት፣ አትገሥጻት፤ መጀመሪያ ጠይቃት፣ ጠይቀህም እስክትጨርስ ጠብቃት።

አንድ ቀን ዝናብ ካባራ በኋላ አባትና ልጅ ደጃፍ ላይ ተቀምጠው ነበር። ሕፃኗ በአያቷ ጭን ላይ አንቀላፍታለች፤ አያትየው አስተቃቀፉን ለምደውታል።

«አባዬ» አለች ሚጣ፣ «እማዬ ናፈቀችኝ።»

የዱሮው «ተመስገን በይ» ምላሳቸው ጫፍ ድረስ መጣ። ዋጡት።

«እኔንም፣ ልጄ» አሉ።