አያ ፋንታሁንና የማይጠርገው መድኃኒት

«ማንን ነው በሰንሰለት አስራችሁ የምትፈጩት?»

የትነበርሽ ደንግጣ ስልኳን ዘጋች። ወደ ትክል ድንጋይ የሚሄደው ሚኒባስ እስኪሞላ አራዳ ላይ ውስጡ ተቀምጣ፣ ስለ ሰኞው ትምህርት ከባልደረባዋ ጋር እየተነጋገረች ነበር። «ሰንሰለት ከታሰረበት በኋላ ወደ መፍጫው ይገባል» ማለቷ እውነት ነው። አጠገቧ የተቀመጡት ጋቢ የደረቡ ሽማግሌ ግን የሰሙት ይህችን ብቻ ነው፤ ፊታቸው አመድ መስሏል።

«ሰው አይደለም፣ አባቴ» አለች አንገቷን ደፍታ። የዩኒቨርሲቲ መምህርት ብትሆንም ከማታውቀው ሰው ጋር ማውራት ያስጨንቃታል። «በሰውነታችን ውስጥ ስላለ ነገር ነው።»

«እሱማ ባሰ! በሰውነታችን ውስጥ እስር ቤት አለ?»

ከኋላ የተቀመጡት ሴት ሳቁ። የትነበርሽም ማስረዳት ግድ ሆነባት።

«ሰውነታችን ሕዋስ በሚባሉ ጥቃቅን ጎጆዎች የተሠራ ነው። በየጎጆው ሥራውን የሚሠሩት ፕሮቲኖች ናቸው። ፕሮቲኑ ሲያረጅ ወይም ሲበላሽ ዩቢኩዊቲን የምትባል ትንሽ ፕሮቲን ትያያዝበታለች። በእሷ ላይ ሌላዋ፣ በዚያችኛዋም ላይ ሌላዋ ትቀጠልና ሰንሰለት ይሆናል። መፍጫው ሰንሰለቱን አይቶ አሮጌውን ፕሮቲን ይሰባብረዋል። ሰንሰለቱ ግን አብሮ አይፈጭም፤ ተፈትቶ ለሌላ ሥራ ይውላል።»

ሽማግሌው አማተቡ። «በእኔ ውስጥ? አሁን?»

«አሁን፣ እየተጨዋወትን ሳለ።»

«ወይ ጉድ! እንግዲያ ሐኪሙ ያለኝ ይህንን ኖሯል!» አሉና ጎናቸውን ያዙ። «ፋንታሁን እባላለሁ። አንድ ቀን ሳስል ጎድኔ ተሰበረ። በሳል፣ ልጄ! መርምረው መቅኔህ ውስጥ ካንሰር ገብቷል አሉኝ። ይሁን ብዬ ተቀበልኩ። ዛሬ ግን የምትወጋው መርፌ የሕዋስህን ጥርጊያ ይዘጋል አለኝ። እኔ በኮሶ ያደግሁ ሰው ነኝ! መድኃኒት ማለት የሚያጸዳ ነው። ጥርጊያ የሚዘጋ መድኃኒት ሰምተሽ ታውቂያለሽ? ልጄ መንበረ መርፌውን ልትገዛ ስትሄድ ሹልክ ብዬ ወጣሁ። ትክል ድንጋይ ያለችው እህቴ ኮሶውን ወቅጣ ትጠብቀኛለች።»

የትነበርሽ ወደ እሳቸው ዞረች።

«ስለ ኩላሊትዎ የነገሩዎት ነገር አለ?»

«በሽታው አድክሞታል ብለዋል። ምነው?»

የትነበርሽ ዝምታ ጨዋነት ነው ተብላ ያደገች ናት። ነገር ግን ሰው ወደ ገደል ሲሄድ እያዩ ዝም ማለት ከምን ጨዋነት ይቆጠራል? «አያ ፋንታሁን፣ ያንን ኮሶ ከጠጡ ሊሞቱ ይችላሉ» አለች። ድምፅዋ ካሰበችው በላይ ወጣ። በሚኒባሱ ውስጥ ያለው ሰው ሁሉ ዞሮ አያቸው።

«ምነው ታሟርችብኛለሽ? አባቶቼ ሁሉ ጠጥተውታል!»

«አባቶችዎ የጠጡት ለትል ነው፤ ትሉም አንጀት ውስጥ ነው። የእርስዎ በሽታ አጥንት ውስጥ ነው፤ ኮሶ እዚያ አይደርስም። በተቅማጥ ውሃዎን ጨርሶ የደከመውን ኩላሊት ግን ይገድለዋል።»

አያ ፋንታሁን ግን በቀላሉ የሚረቱ ሰው አልነበሩም።

«ኮሶውስ ይቅር። ቤት ካልተጠረገ ይከረፋል፤ ይህንን ልትክጂኝ ነው?»

«አልክድም። ከብት አለዎት?»

«እንዴታ!»

«አንዲት ላም ያደረችበት ጋጣ ሁለት ቀን እበቱ ባይዛቅስ?»

«ላሚቱ ትችለዋለች።»

«ከብት እስከ በሩ የታጎረበትስ?»

«ታፍኖ ያልቃል እንጂ! የጎረቤቴ የምንይችል ጥጆች እንዲያ አይደል ያለቁት!»

«የታመመው ሕዋስ እንደዚያ የታጎረ ጋጣ ነው። ሌት ተቀን ፕሮቲን ያመርታል፤ ብልሹውም የዚያኑ ያህል ይበዛል። መርፌው የመፍጫውን በር ሲይዘው ሰንሰለት የታሰረበት ሁሉ በሩ ላይ ይከመራል። ቀድሞ የሚታፈነው ካንሰሩ ነው። ጤነኛው ሕዋስ ጉድፉ ትንሽ ስለሆነ ይታገሣል። መርፌው ቀን እየተዘለለ የሚሰጠውም እሱ እንዲያገግም ነው።»

ሽማግሌው አፋቸውን በጋቢያቸው ያዙ። «ጠላትን በገዛ ጉድፉ! ግን ሰንሰለቱ ሁሉ የሞት ምልክት ነው?»

«አይደለም። አንዷ ዩቢኩዊቲን በሌላዋ ላይ የምትያያዝባቸው ስምንት ቦታዎች አሉ። በአንዱ ቦታ ተያይዘው ከሆነ ብዙውን ጊዜ ወደ መፍጫ ማለት ነው። በሌላው ቦታ ከሆነ ግን እዚህ ጉዳት አለ፣ ጠጋኝ ይምጣ የሚል ጥሪ ይሆናል። በሽታ ሲገባ ተከላካይ የሚቀሰቅስም አለ።»

«እንደ ገመድ በይኛ! ላም በእግሯ ከታሰረች ለግጦሽ ናት፤ በአንገቷ እየተሳበች ካየሁ ለገበያ ናት። ገመዱ አንድ፣ ነገሩ ሌላ።»

«ሸጋ አርገው ያዙት።»

ከኋላ የተቀመጡት ሴት፣ ወይዘሮ አማረች፣ ከዚህ በላይ አልቻሉም። «አያ፣ ላሞችዎንስ አሳምረው ያውቃሉ። ልጅዎን ግን ሐኪም ቤት ጥለዋት መጥተዋል!»

አያ ፋንታሁን በጥፊ እንደተመታ ሰው ደነገጡ። ይሄኔ መንበረ መርፌውን ይዛ ባዶ አልጋ እያየች ነው። ሾፌሩ ሞተር አስነሣ።

«መርፌው ያድነኛል?» አሉ ቀስ ብለው።

«ፈጽሞ ይነቅለዋል ብዬ አልዋሽዎትም። ለብዙ ሰው ግን ዕድሜ ጨምሯል። የአጥንቱን ሕመም ያቀልላል፤ ኩላሊትም ከበሽታው ሸክም ሊያርፍ ይችላል። እጅና እግርዎ ከደነዘዘ ለሐኪሙ ይንገሩ፤ መጠኑን ያስተካክልልዎታል። ያልገባዎትንም ይጠይቁ፣ አይሽሹ።»

«ሾፌር፣ አቁምልኝ!» አሉ አያ ፋንታሁን።

ላወቀበት ሰው ሐኪምን መጠየቅ ከኮሶ የበለጠ መድኃኒት ነው። ያልጠየቀ ታማሚ በፍርሃቱ ይሞታል፤ የጠየቀ ግን የሚወስደውን ያውቃል፣ ጉዳቱን በጊዜ ይናገራል፣ ቤተሰቡንም ከድንጋጤ ያድናል።

የትነበርሽ አብራቸው ወርዳ በባጃጅ ሐኪም ቤት አደረሰቻቸው። መንበረ በር ላይ እያለቀሰች አገኟት። አያ ፋንታሁን ሐኪሙን ብዙ ነገር ጠየቁት፤ ከሰዓት በኋላም የመጀመሪያውን መርፌ ሆዳቸው ላይ ተወጉ።