በቁጥር 7 ላይ የበራው አረንጓዴ

የምስክር ስም፦ ትንቢት ኃይለመስቀል ተፈራ
ዕድሜ፦ 29
ሥራ፦ የቤተ ሙከራ ቴክኒሻን
አድራሻ፦ አሰላ ከተማ፣ ቀበሌ 08
ቃሉ የተሰጠበት ጊዜ፦ ዓርብ የካቲት 14 ቀን 2017 ዓ.ም.፣ ከጠዋቱ 2፡50 ሰዓት
ቃሉን የመዘገበው፦ ዋና ሳጅን ወንደሰን ጌጡ

ወደ ጣቢያ የመጣሁት ማንም ሳይጠራኝ በራሴ እግር ነው። የምሰጠው ቃል በእኔም ላይ ማስረጃ ሊሆን እንደሚችል ሳጅኑ ነግረውኝ ተረድቻለሁ። ቃሌን ከመጀመሬ በፊት ወደ አርቦዬ ፖሊስ እንዲደወል ለምኜ ተደውሏል፤ ምክንያቱን ወደ ታች እገልጻለሁ።

የምሠራው ዶክተር ኢርሻድ ከድር በሚመሩት የምርምር ቡድን ውስጥ ነው። በእህል መጋዘን ለነቀዝ ተብሎ የሚቀመጠው ኪኒን የሚያወጣው ጋዝ ሰው ይገድላል። ዶክተሩ ጋዙ ገና ካለ ቀይ፣ ካለቀ አረንጓዴ የሚያበራ ትንሽ መሣሪያ ሠርተዋል። ጋዙን የሚለየው የመሣሪያው ክፍል የሚቀባው ዚንክ ኦክሳይድ በሚባል፣ ቅንጣቱ ለዓይን በማይታይ ዱቄት ነው። ይህ ዱቄት ብቻውን ደነዝ ነው፤ ጋዙ በጣም ካልበዛ አይነቃም። ከመቶ የዚንክ አቶም አንዱን በመዳብ ስንተካው ግን ኤሌክትሪክ የሚያሳልፍበት ጠባይ ይለወጥና ጥቂት ጋዝ ሲነካው እንኳ ያስታውቃል። መጋዘን የሚገባ ሰው ሕይወቱን የሚያምነው ለዚያች አንድ በመቶ መዳብ ነው።

የካቲት 3 ቀን ሰኞ ከቀኑ 8፡00 ሰዓት ላይ ንጹሑንና መዳብ የገባበትን ዱቄት በሁለት የሸክላ ኩባያ አድርጌ በ500 ዲግሪ የኤሌክትሪክ ምድጃ ውስጥ ከተትኩ። በኩባያ ላይ ስም ቢጻፍ ቀለሙ ተቃጥሎ ስለሚጠፋ ሁልጊዜ የምንለየው በቦታ ነው፤ ንጹሑ በግራ፣ የመዳቡ በቀኝ። 9፡20 ላይ መብራት ጠፋ። ሁለቱንም በመቆንጠጫ አውጥቼ ጄኔሬተር ወዳለው ክፍል ወሰድኩና ሌላ ምድጃ ውስጥ አስገባኋቸው። ዶክተሩ ዱቄቱን በማግስቱ ስለሚፈልጉት ቸኩዬ ነበር፤ የቱን በየት በኩል እንዳስቀመጥኩ ልብ አላልኩም።

11፡00 ሰዓት ላይ ሳወጣቸው አንዱ ደማቅ ቢጫ፣ ሌላው ደብዘዝ ያለ ነበር። ቀለም የያዘው መዳብ ያለበት ነው ብዬ ገና ሳይበርዱ ደመደምኩና ከየኩባያው አጠገብ ስም የተጻፈበት ወረቀት አስቀመጥኩ። በማግስቱ ጠዋት ወረቀቱን እንጂ ዱቄቱን ሳላይ ስማቸውን ለጥፌ በቡናማ ጠርሙሶች ገለበጥኳቸው። ንጹሕ ዚንክ ኦክሳይድ ሲግል ቢጫ ሆኖ ሲበርድ እንደሚነጣ ተማሪ ሳለሁ ተፈትኜበት ሙሉ ማርክ ያገኘሁበት ነገር ነው።

የካቲት 10 ቀን ሰኞ ከጠዋቱ 4፡00 ሰዓት ገደማ፣ እዚሁ አሰላ፣ በዚያ ዱቄት የተቀባ መሣሪያ በገባበት የአንድ ነጋዴ መጋዘን፣ ጠባቂው ሀሰኖ አረንጓዴውን አይቶ ጫኝና አውራጁን ጉቱን "በርቷል፣ ግባ" እንዳለውና ጉቱ ስንዴው ላይ እንደወደቀ ሰማሁ። ጉቱ በኦክስጅን ነው ያለው፤ እስከ ዛሬ ዓይኑን አልገለጠም። ሀሰኖ ኪኒኑ የተቀመጠበትን ቀን ዋሽቷል ተብሎ የዚያኑ ዕለት ታሰረ።

እኔ 10፡00 ሰዓት ላይ ብቻዬን ቤተ ሙከራ ገብቼ ከየጠርሙሱ የተረፈውን መስኮት አጠገብ ወረቀት ላይ አፈሰስኩ። መዳብ ተብሎ የተለጠፈበት እንደ ጨው ነጭ ነበር። ንጹሕ የተባለው አመድማ። ክው አልኩ። ወዲያው ዶክተር ኢርሻድ ጉቱ ከተኛበት ሆስፒታል ደውለው "ትንቢት፣ ዱቄቱ ላይ ችግር የለም አይደል?" ብለው ጠየቁኝ። "የለም ዶክተር፣ እርግጠኛ ነኝ" አልኳቸው።

ከዚያ ወዲህ በኮሪደሩ የጫማ ድምፅ በሰማሁ ቁጥር ፖሊስ መጣ እል ነበር። ትናንት ሐሙስ የሀሰኖ ባለቤት ራቢያ ግቢያችን ድረስ መጥታ "የኔ እህት፣ ሰውዬው አይዋሽም። መሣሪያው ይሆን? አንቺ ተምረሻል፣ ንገሪኝ" አለችኝ። "ዶክተሩን ጠይቂያቸው" ብያት አለፍኩ።

ዛሬ 2፡10 ላይ የመሣሪያዎቹን መዝገብ ገለጥኩ። እስከ ዛሬ ያልገለጥኩት የማየውን ፈርቼ ነው። ቁጥር 7 የተባለው መሣሪያም በዚያው ዱቄት ተቀብቷል። ቁጥር 7 ያለው አርቦዬ በገበሬዎች ማኅበር መጋዘን ሲሆን የመጋዘኑ ኃላፊ አባቴ አቶ ኃይለመስቀል ተፈራ ናቸው። እኔ ከቀደመው ዱቄት የተሠራ ነው ብዬ ራሴን አሳምኜ ነበር። ዛሬ 4፡00 ሰዓት ላይ መጋዘኑን እንደሚከፍቱ ትናንት በስልክ ነግረውኛል፤ "አንቺ የሠራሽው አረንጓዴ ካበራ እኔን ምን ያስፈራኛል" ነው ያሉኝ። እስከ ጣቢያው ስሮጥ አሥራ አንድ ጊዜ ደወልኩላቸው፤ አላነሱም።

3፡25 ላይ የአርቦዬ ፖሊስ መልሶ ደወለ። አባቴ ቁልፉን ይዘው በሩ ላይ ቆመው እንዳገኟቸውና በሩ እንዳልተከፈተ ተነገረኝ፤ ስልኩም ተሰጠኝ። አባቴ "ምነው ልጄ፣ ምን ሆንሽ? አረንጓዴው እኮ በርቷል" አሉኝ። አለቀስኩ።

ስህተቱን ሰኞ ዕለት ካወቅሽ ለምን እስከ ዛሬ ዝም አልሽ ተብዬ ተጠየቅሁ። ከሥራ እንዳልባረር፣ እንዳልታሰር ፈርቼ ነው ስል መለስኩ። ጉቱ ለእኔ ማንም አልነበረም። ሀሰኖንም አላውቀውም። ዛሬ የመጣሁት ለእነሱ ብዬ ሳይሆን አባቴ ሊሞቱብኝ ነው ብዬ ነው። የአባቴን ድምፅ ከሰማሁ በኋላ ደግሞ ይህን ቃል ሳልጨርስ ልሂድ የሚል ሐሳብ መጣብኝና ቦርሳዬን አንሥቼ እስከ በሩ ደርሼ ነበር። ሳጅኑ ይህም ይጻፍ ወይ ብለው ጠየቁኝ። ይጻፍ አልኳቸው።

ከላይ የሰፈረው ተነቦልኝ ሰምቻለሁ። በራሴ ፈቃድ የሰጠሁት ነው፤ የደበቅሁት ነገር የለም፤ እውነት መሆኑን በፊርማዬ አረጋግጣለሁ።

የቃል ሰጪ ፊርማ፦ ____________ (ትንቢት ኃይለመስቀል)
የመዝጋቢው ፊርማ፦ ____________ (ዋና ሳጅን ወንደሰን ጌጡ)
ቃሉ ያበቃበት ሰዓት፦ 4፡05