በለመደበት የሚከፈተው መጽሐፍ

ሽማግሌው ልብስ ሰፊ የሚስታቸውን የሕመም ማስታገሻ ገዝተው ከመድኃኒት ቤቱ ሲወጡ ደረጃው ላይ ከእህታቸው ልጅ ጋር ፊት ለፊት ተገጣጠሙ። ልጅቱ ነገረ መለኮት ተምራ በቤተ ክርስቲያን ወጣቶችን የምታስተምር ናት። እሳቸው ደግሞ የተማረ ሰው ከሩቅ ሲያዩ መንገድ የሚቀይሩ ሰው ናቸው፤ የዚያን ቀን ግን ለመቀየሪያም ጉልበት አልነበራቸውም።

"ጋሼ፣ እንደምን ዋሉ? እትዬ እንዴት ናቸው?"

"ተመስገን። እሷ ስታቃስት፣ እኔም ሳዳምጣት አደርን።"

"ሐኪሙ ዳሌያቸው ቀዶ ሕክምና ካልተደረገለት አይሆንም፣ ወደ ትልቁ ሆስፒታል ውሰዷቸው ብሎ የለ? ልጃችሁም እዚያው ከተማ ናት፤ ኑልኝ እያለች ነው አሉ።"

"ብላለች። እግዚአብሔር ግን አልፈቀደም" ብለው መንገዳቸውን ቀጠሉ። ልጅቱ በእንዲህ ያለ መልስ የምትመለስ አልነበረችምና ተከተለቻቸው።

ሱቃቸው ከመኖሪያቸው ጋር በአንድ በር የምትገናኝ ጠባብ ክፍል ናት። ወለሉ የክር ቁርጥራጭ ነው። ከስፌት መኪናው አጠገብ፣ ከመቀሱና ከጠመኔው ጋር፣ ቅዱሱ መጽሐፍ ተቀምጧል። ልማዳቸው እንዲህ ነው፤ የጨነቃቸው ነገር ሲኖር ይጸልያሉ፣ ዓይናቸውን ጨፍነው መጽሐፉን ይከፍታሉ፣ ከዚያ ጣታቸው ያረፈበትን ቃል እንደ ትእዛዝ ይቀበላሉ። የሚስታቸውንም ጉዳይ ለዚሁ አቅርበውት ነበር።

"ካለንበት እንዳንነቃነቅ የሚል ቃል ነው የሚወጣልኝ" አሉ። "ደጋግሜ ብከፍተውም ያው ነው። ከዚህ ወዲያ ምን ልሁን?"

"እስቲ አሁንም ይክፈቱት።"

ጨፍነው ከፈቱት። ያው ገጽ ወጣ። "አየሽ?" ብለው ፈገግ አሉ፤ ፈገግታው ግን ደስታ አልነበረበትም።

ልጅቱ መጽሐፉን ተቀብላ ጀርባውን ዳሰሰችው። "ጋሼ፣ ይህን ገጽ ድሮ አብዝተው ያነቡት ነበር እንዴ?"

"ይህን ሱቅ ስንከፍት። ሰው ሁሉ እዚህ አይሆንላችሁም፣ ተነሱ ሲለን፣ እኔና እሷ በየማለዳው እሱን ነበር የምናነበው..."

ንግግራቸውን ሳይጨርሱ መጽሐፉን ከእጇ ወስደው ጥራዙን ተመለከቱ። ዕድሜ ልካቸውን ሱሪ ሲተኩሱ የኖሩ ሰው ናቸው፤ ጨርቅ አንዴ በታጠፈበት መልሶ እንደሚታጠፍ አይጠፋቸውም። የመጽሐፉ ጥራዝ እዚያ ገጽ ላይ ተሰንጥቆ ክሩ ላልቷል።

"እንግዲያ እግዚአብሔር አልተናገረኝም ማለት ነው?" አሉ።

"ያን ጊዜ ተናግሮዎታል፣ ለዚያን ጊዜ የሚሆነውን። አሁን ግን የሚናገርበት አንዲት ቀዳዳ ብቻ ነው የተዉለት። ቃሉን በሙሉ ያንብቡት እንጂ፤ ስለ ሕመምተኛ፣ ስለ ሚስት ምን ይላል? ሐኪሙን ይጠይቁ፣ በእምነት የበሰሉ ሰዎችን ያማክሩ። የልብዎን ሳይደብቁ ይጸልዩ፤ ከዚያ ልብዎ የት ላይ እንደሚያርፍ ታግሠው ይዩት።"

"ያን ሁሉ ከለፋሁማ እኔው ወሰንኩ እንጂ እሱ ወሰነ ይባላል?"

"ደንበኛ ጨርቅ ሲያመጣልዎ ዓይንዎን ጨፍነው ይቆርጣሉ?"

"ምን ነካሽ፣ የሰው ጨርቅ?"

"እትዬስ የማን ናቸው?"

ሽማግሌው ከስፌት መኪናው ኋላ ቁጭ አሉ። "እውነቱን ልንገርሽ፤ ደክሞኛል። ወስጃት እዚያ ብትሞትብኝ የገደልኳት እኔ ነኝ። መጽሐፉ ቅሩ ካለ ግን ጥፋቱ የኔ አይሆንም።"

"ይህን ለእግዚአብሔር ነግረውታል?"

"አልነገርኩትም።"

"ለእትዬስ?"

ሽማግሌው ጎንበስ ብለው ከወለሉ የክር ቁርጥራጭ መልቀም ጀመሩ። አንባቢ እዚህ ላይ ይታዘባቸው ይሆናል፤ ባይታዘባቸው ይሻላል። ፍርሃታችንን የእግዚአብሔር ፈቃድ የሚባል ካፖርት አልብሰን የምናዞር ስንት አለን።

ከዚያ በኋላ ሽማግሌው ጨፍነው መክፈቱን ትተው ከመጀመሪያው ገጽ ማንበብ ጀመሩ። ሐኪሙን ጠየቁት፤ ሚስትዎ ይድናሉ ብሎ አልማለላቸውም፣ ተኝተው ቢቀሩ ግን እንደሚብስባቸው አልደበቃቸውም። የቤተ ክርስቲያኑን አገልጋይ አማከሩ። ሲጸልዩም ለመጀመሪያ ጊዜ "ፈርቻለሁ" አሉ። ፍርሃቱ ሙሉ በሙሉ አልለቀቃቸውም፤ እንቅር የሚለው ሐሳብ ግን ዕለት በዕለት እየከበዳቸው፣ እንሂድ የሚለው እያሳረፋቸው መጣ። አንድ ከሰዓት በኋላ የስፌት መኪናቸውን አቁመው ወደ ውስጥ ገቡና አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጡ።

"አንቺ ምን ትያለሽ? እንሂድ ወይስ እንቅር?"

ሚስታቸው ፊታቸውን ወደሳቸው መለሱ። "እስከ ዛሬ ስጸልይ የከረምኩት ዳሌዬ እንዲድን መስሎህ ነው? እንድትጠይቀኝ ነበር።"

ሽማግሌው አንገታቸውን ደፉ።

"እንሂድ" አሉ ሚስታቸው። "ብሞትም ጠይቀኸኝ ነው የሄድኩት።"

በጸሎት፣ በምክርና በማስተዋል የተወሰነ ነገር ሁሉ ያምራል የሚል የለም። ነገር ግን ቢከፋም አንዱ በሌላው አያሳብብም፤ ሸክሙንም ሰው ብቻውን አይሸከመውም። ሽማግሌው ይህን የተረዱት በእርጅና ነው፤ ቢሆንም ተረዱት።

በመሄጃቸው ዋዜማ የመጽሐፉን ጀርባ በጠንካራ ክር ሰፉት፤ ከዚያም የጀመሩትን ንባብ ለሚስታቸው ጮክ ብለው ቀጠሉላቸው። በማግስቱ አውቶቡሱ ውስጥ ሚስታቸውን ትከሻቸው ላይ አስደግፈው መጽሐፉን አወጡ።

"ከየት ላንብብልሽ?"

"ትናንት ካቆምክበት ቀጥል" አሏቸው።