ካልሲው ይውለቅ

አንባቢ ሆይ፣ የውስጥ እግርህን ለመጨረሻ ጊዜ ያየኸው መቼ ነው? ታጥበሃል ወይ አላልኩም፤ አይተሃል ወይ ነው ያልኩት። አገላብጠህ፣ ብርሃን ላይ አድርገህ፣ ተረከዝህንና የጣቶችህን መሃል መርምረህ። ካላስታወስህ አትቆጣኝ። የምቆጣበት ምክንያት ያለኝ እኔ ነኝና መጀመሪያ ስማኝ።

እ.ኤ.አ. በ2013 በጋ፣ አንድ ዓርብ ከጁምዓ ስግደት በኋላ፣ አሜሪካ፣ ኦክላንድ ውስጥ በምንሰግድበት መስጊድ በር ላይ ጫማዬን ስፈልግ ከጋሽ ሙሀሲን ጋር ተገጣጠምን። ጋሽ ሙሀሲን የኮምቦልቻ ሰው ናቸው። ሳን ሆዜ ኤርፖርት ታክሲ ሲነዱ ብዙ ዓመት ሆኗቸዋል፤ ስኳርም አለባቸው። በዚያ ሙቀት ሁለት ካልሲ ደርበዋል። ቀኝ እግራቸውን ጫማው ውስጥ የሚከቱት ደግሞ ሌላ ሰው እንዳያይባቸው ወደ ግድግዳው ዞር ብለው ነበር።

«ምነው ጋሽ ሙሀሲን፣ አመመዎት እንዴ?» አልኳቸው።

«ታመመ ያለህ ማን ነው?» አሉኝ ግራ ቀኝ እያዩ። «ደግሞ ልትጽፍብኝ ነው?»

ይህን ስንባባል ራቢዓ እናቷን ልትወስድ መጣች። ራቢዓ የጋሽ ሙሀሲን ጎረቤት ልጅ ናት። ኦክላንድ ተወልዳ ያደገች፣ ሳን ሆዜ በአንድ ክሊኒክ የምትሠራ የእግር ሐኪም ናት። አማርኛዋ እንግሊዝኛ ይበዛበታል፤ ሰው ስትጨብጥ እንኳ ዓይኗ የሚሄደው ወደ ጫማው ነው።

«ጋሽ ሙሀሲን፣ ለምንድነው ሊምፕ የሚያደርጉት፣ የሚያነክሱት?»

«ጫማው አዲስ ነው።»

ጫማው አዲስ አልነበረም። ተረከዙ በአንድ ጎን ተበልቶ አልቋል።

«እግርዎን ልየው?»

«አንቺ ልጅ፣ አባትሽ ያን ሁሉ ዓመት ያስተማረሽ የሽማግሌ እግር ልታዪ ነው?»

«አዎ» አለች ሳትቀየም። «ልክ ለዚህ ነው።»

ጋሽ ሙሀሲን ሳቁ፤ ካልሲውን ግን አላወለቁም። ከብዙ ጭቅጭቅ በኋላ ጉዳዩን ነገሩን። ነዳጅ የሚረግጡበት እግር፣ ከአውራ ጣታቸው ሥር፣ ቆዳው ደንድኗል። ዘነበ የሚባለው ሾፌር ተራ ሲጠብቁ በምላጭ ያነሳላቸዋል።

«እጁ ቀላል ነው» አሉ። «ግማሹ ሾፌር እሱ ጋ ነው የሚሄደው። አልኮልም ይነክረዋል።»

«ያንኑ አንድ ምላጭ ለሁሉም?» አለች ራቢዓ።

«ምላጭ እስኪደንዝ ይሠራል። አሜሪካ ሁሉን መጣል አስተማረቻችሁ።»

እኔ ደሜ ፈላ። እነዚህ ሰዎች የመኪናቸውን ጎማ በየሳምንቱ ይመረምራሉ፤ ዘይት የሚቀይርላቸውን ሰው እንኳ አማርጠው ነው የሚይዙት። የገዛ እግራቸውን ግን ለዘነበ ምላጭ ይሰጣሉ። ይህን ልናገር አፌን ስከፍት ራቢዓ በዓይኗ ገታችኝ።

«ያምዎታል?» አለቻቸው።

«ምንም። ዘነበ ሲቆርጠው እንኳ አይሰማኝም። ይሄ እኮ አላህ የሰጠኝ ሁለተኛ ጫማ ነው።»

«ጋሽ ሙሀሲን፣ እኔን የሚያስፈራኝ እሱ ነው። ስኳር ነርቩን ሲጎዳው እግር ህመም መናገር ያቆማል። የደነደነው ቆዳ ደግሞ እንደ ጠጠር ከላይ ይጫናል፤ ከሥሩ ሥጋው ይቆስላል። እርስዎ ምንም ሳይሰማዎት።»

«ይሄን ነው የምጠረጥረው» አሉ ወደ እኔ ዞረው። «ካመመህ ታመሃል ይሉሃል፤ ካላመመህ የባሰ ታመሃል ይሉሃል። እንዲህ ከሆነ ጤነኛው ማን ነው? የሳን ፓብሎውን አብዱልሙኒምን አታውቀውም? በጣቱ ሆስፒታል ገብቶ ያለ እግሩ ወጣ። ከጥፍር ይጀምራሉ፣ ጉልበት ላይ ይጨርሳሉ።»

«ሆስፒታል ያደረሰው ማን ነበር?» አለች ራቢዓ።

«እኔ ነኛ። በታክሲዬ።»

«እግሩ ያን ቀን ምን ይመስል ነበር?»

«ጠቁሮ ነበር» አሉ ጋሽ ሙሀሲን። «የመኪናውን መስኮት ከፍቼ ነው የነዳሁት። ሰው እንዳይሰማበት ደብቆት ከርሞ።»

«እና የቆረጠው ሐኪሙ ነው ወይስ መደበቁ?»

«በነገር አትጠምዝዢኝ፤ ሕግ ነው እንዴ የተማርሽው?»

ጥርጣሬያቸው በዚህ አልቆመም። ሴት ልጅ እግራቸውን እንዴት ትነካለች? ራቢዓ ሕክምና መሆኑን፣ ጓንት እንደምታደርግ፣ ከፈለጉም ወንድ ባልደረባ እንዳላት ነገረቻቸው። ከዚያ ወደ ካልሲው መጣች።

«ውዱእ ሲያደርጉ፣ ለስግደት ሲታጠቡ፣ እግርዎን አያዩትም?»

«ኤርፖርት መታጠቢያው ላይ እግር ስናነሳ ሰው ይከሰናል። ስለዚህ በእርጥብ እጄ ካልሲው ላይ አብሳለሁ። የተፈቀደ ነው።»

«ለአንድ ቀንና ሌሊት። ከዚያ ማውለቅና ማጠብ አለብዎት፣ አይደል?»

«ሱብሂ ላይ፣ በንጋቱ ስግደት፣ አጥባለሁ።»

«መብራት አብርተው?»

እዚህ ላይ እኔም መታገስ አልቻልኩም። «ጋሽ ሙሀሲን» አልኳቸው፣ «ሃይማኖት ባይኖረን ኖሮ እግራችንን የምናይበት ቀን ከየት ይመጣ ነበር? ውሃው ተረከዝን እንዲያዳርስ፣ በጣት መሃል እንዲገባ ታዘዝን። እርስዎ ለችግር የተሰጠውን ማቅለያ መደበቂያ አደረጉት።»

«አንተ ደግሞ ከመቼ ወዲህ ነው ፈትዋ የምትሰጠው?» አሉኝ። ሆኖም ሄደው በታክሲያቸው የተከፈተ በር ላይ ተቀመጡ፤ ካልሲዎቹንም አወለቁ።

ራቢዓ ጓንት አድርጋ ከቦርሳዋ አጭር እጀታ ያለው፣ የዓሣ ማጥመጃ ክር የሚመስል ናይለን አወጣች። ዓይናቸውን እንዲጨፍኑና በተነኩ ቁጥር «አዎ» እንዲሉ ነገረቻቸው። የክሩን ጫፍ አውራ ጣታቸው ላይ ጫን አደረገች። ዝም። ከሥሩ፣ ከተረከዙ፣ ከጎኑ። ዝም።

«ጀምሪ እንጂ» አሉ ዓይናቸውን እንደጨፈኑ።

«እያደረግኩ ነው፣ ጋሼ።»

«አትዋሺኝ። አልነካሽኝም።»

ዓይናቸውን ገልጠው እኔን አስቀመጡኝ። በአንተ እግር ይሞከር አሉኝ፤ ተሞከረ፤ ዓይኔን ጨፍኜ እያንዳንዱን ቆጠርኩ። አሁንም አላመኑም። ክሩን ከእጇ ተቀብዬ ራሴ እንድነካቸው አዘዙኝ፤ አንተ ከሐኪሞች ጋር በመጣላት የታወቅህ ሰው ነህና ለእሷ አታዳላም ብለው። ዓይናቸውን ጨፈኑ። ክሩ እስኪታጠፍ ድረስ ተጫንኩት።

«መቼ ነው የምትጀምረው?» አሉኝ።

ያን ጊዜ ቁጣዬ ወዴት እንደጠፋ አላውቅም። «ጋሽ ሙሀሲን» አልኳቸው፣ «አሁንም እየነካሁዎት ነው።»

ዓይናቸውን ገልጠው ክሩን፣ ከዚያ የገዛ እግራቸውን አዩ። የሌላ ሰው እግር የሚያዩ ይመስል ነበር አስተያየታቸው።

ሰኞ ክሊኒኩ ሄድን። ጋሽ ሙሀሲን አብረኸኝ ግባ አሉኝ፤ ምስክር ሁነኝ ብለው። ራቢዓ ቢላዋን ከታሸገ ወረቀት ስታወጣ «ማን ላይ ተሠርቶበታል?» ብለው ጠየቁ። ማንም ላይ እንዳልተሠራበት፣ ከእሳቸው በኋላም እንደሚጣል ነገረቻቸው። መስታወት ያዝ አሉኝ፤ ያዝኩ። የደነደነውን ቆዳ እንደ ስስ ልጣጭ ደረጃ በደረጃ አነሳችው። ከሥሩ ጥቁር ደም ብቅ አለ። ጥቂት ስታነሳ ደግሞ የምስር ፍሬ የምታክል ቁስል፣ መግል የያዘች።

«ይሄ ሁሉ እኔ ላይ ነው ያለው?» አሉ ጋሽ ሙሀሲን።

«አጥንት ጋ አልደረሰም» አለች። «ትንሽ ቢቆዩ ግን ይደርስ ነበር። አሁን ይድናል። ግን እንዳይረግጡበት፣ ሥራም ለጥቂት ሳምንት ያቁሙ።»

«እግሬ ይተርፍልኛል?»

«ይተርፍልዎታል። የምልዎትን ካደረጉ።»

አደረጉ። ቁስሏ ጠገገች፤ በልካቸው የተሠራ ጫማና ክብደታቸውን ከዚያ ቦታ የሚያነሳ ሶል አገኙ። የደነደነው ቆዳ ሲመለስ ራቢዓ ጋ እንጂ ዘነበ ጋ አይሄዱም። ጠዋት ጠዋት መብራት አብርተው በመስታወት እግራቸውን ያያሉ፤ ጫማቸውን ከማጥለቃቸው በፊት ውስጡን በእጃቸው ይዳብሳሉ፤ የውሃውን ሙቀት በክርናቸው ይለካሉ፤ ቅባት ተረከዛቸውን ይቀባሉ፣ በጣቶቻቸው መሃል ግን አይቀቡም። ካልሲያቸውም ነጭ ሆኗል፤ ደም ከነካው እንዲታይ። ጥርጣሬያቸው ግን አልለቀቃቸውም፤ ዛሬ የሚጠረጥሩት ጫማውን ቶሎ የሚያጠልቀውን ሰው ሁሉ ነው። ዘነበን እጁን ይዘው ክሊኒኩ ድረስ ወሰዱት። የእሱም እግር ደህና አልነበረም።

ከዚያ ጋሽ ሙሀሲን አንድ ሐሳብ አመጡ። አንድ ቅዳሜ ራቢዓና ወንዱ ባልደረባዋ መስጊዱ አጠገብ ባለው አዳራሽ ይቀመጡ፤ ሾፌሮች እየመጡ እግራቸውን ያሳዩ። በነጻ። ጥያቄውን ለአዳራሹ ኮሚቴ ሰብሳቢ ለአቶ ኡስማን ራሳቸው አቀረቡ። አቶ ኡስማን ተማሪ ቤት የዋሉ፣ ፕሌዘንተን ከተማ ቢሮ ያላቸው ሰው ናቸው። መልሳቸው አጭር ነበር፦ ሰው የሚበላበት አዳራሽ ውስጥ የእግር ቁስል ማሳየት ነውር ነው፤ የማኅበረሰቡንም ስም ያጠፋል።

ጋሽ ሙሀሲን ይህን ሲነግሩኝ አልተቆጡም። «እኔም እንደሱ ነበርኩ» ነው ያሉኝ። እኔ ግን እቆጣለሁ። ጋሽ ሙሀሲን የደበቁት የራሳቸውን እግር ነበር፤ አቶ ኡስማን የሚደብቁት የእኛን ሁሉ ነው።

አቶ ኡስማን፣ በስልክ አይደውሉልኝ፤ አማላጅም አይላኩብኝ። በመጪው ዓርብ ከስግደት በኋላ፣ ሾፌሮቹ ከመነሳታቸው በፊት፣ ማይክሮፎኑን ይዘው ይቁሙና ይህችን ብቻ ይመልሱ፦ ቁስል ማሳየት ነውር ከሆነ፣ በዚህ ዓመት ከመካከላችን አንዱ እግሩን ቢቆረጥ፣ ልጆቹ ፊት ቀርበው «አዳራሹን የከለከልኩት እኔ ነኝ» የሚሉት እርስዎ ነዎት ወይስ ሌላ ሰው?